እግር መሬት የማይነካበት ዳገት

መጀመሪያ ያየሁት አወራረዳቸውን ነው። ዶን ካምፖ ኤሊያስ ቲባዱይሳ ከመንደራችን ከቶካ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ የሚወርዱት ወደ ኋላቸው ነበር፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ ከንጉሥ ፊት እንደሚያፈገፍግ ባለሟል አንዱን እግር ቀስ ብለው ወደ ታች ይሰዱና ሌላውን አጠገቡ ያሳርፉታል። የመንደራችን ሴቶች «ለእመቤታችን ጀርባቸውን አይሰጡም» ይሉ ነበር። እኔም ከቱንሃ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣሁበት እሑድ ይህን አይቼ ልቤ ተነካ፤ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ትሕትና አለ ወይ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ነገሩን ያስረዳችኝ ልጃቸው ዶሬሊ ናት። ወደ ፊት ሲወርዱ በግራ ጉልበታቸው ሎሚ ሥር ቢላዋ የተሰነቀረ ያህል ያማቸዋል፤ ወደ ኋላ ሲሆን ይሻላቸዋል። ቆይቼ ሳስበው ሴቶቹም ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ ያን ጉልበት የጨረሰው የእመቤታችን መንገድ ነበርና።

ዶን ካምፖ ድንችና ሽንኩርት አምራች ናቸው። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ፊታቸው በደጋ ፀሐይ የተጠበሰ ሰው። በጉብዝናቸው ዳገት ላይ ማንም አይደርስባቸውም ነበር ይባላል። በእርግጥ በእኛ አገር ይህ የማይባልለት ወንድ የለም፤ ቄሱም፣ ቀራጩም፣ ጥርስ ነቃዩም በወጣትነቱ ዳገት ወጪ ነበር። የዶን ካምፖን ልዩ የሚያደርገው በስተርጅናም መውጣታቸውን አለማቆማቸው ነው።

ዶሬሊ ገና አፏን የፈታች ልጅ ሳለች ከድንች መደብ መሃል ወደቀች። ዓይኗ ተገልብጦ፣ ጥርሷ ገጥሞ፣ አረፋ እየደፈቀች ተንዘፈዘፈች። መኪና አልነበረም። አባቷ በሱፍ ካባቸው ደረታቸው ላይ አስረው በብስክሌት እስከ ቱንሃ ሆስፒታል ወሰዷት። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ፤ ክኒን ተሰጣት። ዶን ካምፖ ግን በክኒን ብቻ ልባቸው አላረፈም፤ ቺኪንኪራ ወደምትገኘው እመቤታችን ሄደው ተሳሉ። ስለቱን እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። በየዓመቱ በበዓልሽ ቀን ከቤቴ እስከ ደጅሽ በብስክሌት እመጣለሁ፤ ከቲንሃካ በኋላ ባለው በመጨረሻው ዳገት ላይ ደግሞ እግሬ መሬት አይነካም፤ አንቺም ልጄን በእግሯ አቁሚልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ። ከዚያ ዶሬሊ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደቀች። ሐኪሙ ክኒኑን ጨመረላት፤ ዶን ካምፖ የጨመሩት ግን ሌላ ነገር ነው። ዳገቱን በቀላል ማርሽ እየወጣሁ እመቤቴን ሳታልል ኖርኩ አሉና ከብስክሌቱ ፊት ያለውን ትንሹን የማርሽ ጥርስ አስወለቁት። በሌላ ጊዜ ገበያ መሃል ወደቀች፤ የኋላውንም ማርሽ አስቆልፈው ብስክሌቱ በአንድ ከባድ ጥርስ ብቻ እንዲሄድ አደረጉ። የመጨረሻው ኮርቻው ነው። ሲቀመጡበት ደስ ያላቸው በመሰላቸው ዓመት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረጉት። እንዲህ ዝቅ ያለ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ከባድ ማርሽ የሚገፋ ሰው ጉልበቱ አይዘረጋለትም፤ እንደታጠፈ ሰውነቱን ሁሉ ይሸከማል፤ አንዱን ዙር ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል።

ከዚያ ወዲህ ዶሬሊ አልወደቀችም። ይህ ነው ችግሩ። የቱንሃው ሐኪም አዲስ ክኒን ያዘዘላት በዚያው ዓመት ነበር፤ አባቷ ግን ያዳናት ኮርቻው መሆኑን አልተጠራጠሩም።

ጉልበቱ ሲብስባቸው ያልሞከሩት የለም። የጎመን ቅጠል አሰሩበት፣ በበግ ሞራ አሹት፣ ካናቢስ የተዘፈዘፈበት አረቄ ቀቡት፣ አንድ ጊዜም ንብ አስነደፉት። በመጨረሻ ወጌሻዋ ዶኛ ኤውላሊያ ዘንድ ሄዱ። ዶኛ ኤውላሊያ ጉልበቱን በአውራ ጣቷ ዞር ዞር አድርጋ ዳሰሰችና ሳቀች ይባላል። «እግርዎስ ጤነኛ ነው። የታመመው ብስክሌትዎ ነው፤ እሱን ይዘውልኝ ይምጡ፣ እሱን ልሽልዎ» አለቻቸው። የቱንሃው ሐኪምም በራሱ አነጋገር ያንኑ ነው ያላቸው፤ ኮርቻውን ከፍ፣ ማርሹን ቀለል፣ አለዚያ ይህ ጉልበት ከማሳዎ ያስቀርዎታል። ዶን ካምፖ ሁለቱንም አመስግነው ወጡ። ለጉልበታቸው የተሰጣቸውን መድኃኒት ሁሉ ይቀበላሉ፤ ብስክሌቱን ግን አያስነኩም። ጉልበቱ የእኔ ነው፣ ብስክሌቱ የእመቤቴ ነው ይላሉ።

እኔ ለእረፍት በመጣሁበት ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ዶሬሊ ፈልጋ አገኘችኝ። የምትሠራው በመንደሩ ወተት መሰብሰቢያ ነው፤ ጎማ ቦቲ ተጫምታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የገበሬዎቹን ወተት በማንኪያ እየቀመሰች ውኃ የቀላቀለውን በስም እየጠራች ታሳፍረዋለች። ከዚያች ብርቱ ሴት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አባቷ ከአልጋ ሲነሱ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው እንደ ሌላ ሰው ዕቃ መሬት ላይ እንደሚያኖሩት ነገረችኝ። ይቅርብዎ ብላቸው እሺ አይሉኝም፤ እሺ ብለውኝ ድንገት ብወድቅ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በዚያው ይሞታሉ አለች። ከዚያ ባልዲውን እያጠበች ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

«ክኒኑን ስውጥ የአባዬን ጉልበት የምውጥ ይመስለኛል። በየጠዋቱ። እርስዎ ግጥም ይጽፋሉ አይደል፤ እስቲ ይሄን ምን ይሉታል?»

የፈለገችኝ ከአባቷ ጋር እንድሄድ ነበር፤ ከወደቁ የሚያነሳቸው ሰው እንዲኖር። እሷ ከመንደሩ ሴቶች ጋር በአውቶቡስ ከኋላ ትመጣለች።

በበዓሉ ቀን ገና ሳይነጋ በራቸው ላይ ደረስኩ። የድንቹ ቅጠል በውርጭ ነጥቷል። ዶሬሊ በትኩስ የሸንኮራ ጭማቂ ሞልታ ኮዳውን አቀበለቻቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ የረጋ የዘይቱና ማርመላታ ከተተችላቸው። እኛ ጋ አባት ልጁን፣ ልጅ አባቱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አንቱ ይላል፤ ፍቅራችን በአንቱ ነው። «ተኝተው አልነበረም እንዴ?» አሏት። «ተኝቼ ነበር፤ እርስዎን ልሸኝ ተነሳሁ» አለች። ዶን ካምፖ በድንጋይ ላይ ቆመው ብስክሌቱን እንደ በቅሎ ወጡት፤ ኮርቻው እንደዚያ ዝቅ ብሎም እግራቸው አልነሳ ስላላቸው ነበር።

የመጀመሪያው መንገድ ለጥ ያለ ነው። እኔ ከኋላቸው ሆኜ እግራቸውን እያየሁ ነዳሁ። ቀኝ እግራቸው እንደ ወጣት ይዞራል፤ ግራው በየዙሩ ትንሽ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ ልክ የሚያውቀውን ጉድጓድ እንደሚሸሽ ሰው። አያቃስቱም። ዝም ብለው አንዳንዴ ያፏጫሉ፤ ፉጨቱ ሲቆም ሕመሙ እንደመጣ አውቃለሁ። ቱንሃን አልፈን ወደ ቆላው ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ሞቀ፤ የቲማቲም ሸራ ቤቶች በፀሐይ ያበራሉ፤ ሱታማርቻን ላይ የቋሊማ ጢስ መንገዱን ሞልቶታል። በእግራቸው የሚሄዱ ተሳላሚዎች በግራ በቀኝ ተሰልፈዋል፤ ሻማ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ። እያንዳንዱ ከእመቤታችን ጋር የሆነ ነገር እንዳለው ሳስብ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ረጅም ጸጥ ያለ ጭቅጭቅ መሰለኝ።

ቁልቁለቱ ያሳርፋቸዋል ብዬ ነበር። አላሳረፋቸውም፤ ቁጭ ያለው ጉልበት ደረቀ። ቲንሃካ ስንደርስ ከብስክሌቱ ሲወርዱ ግራ እግራቸው አልታጠፍ ብሎ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀረ። እዚያ ድረስ መውረድ ይፈቀዳል፤ ስለቱ የሚጠብቀው ከዚያ በላይ ነው። በአንዲት ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን አሹት፤ በሱሪው ላይ እንኳ እብጠቱ ይታይ ነበር። ኮርቻውን ጥቂት ብናነሳው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ቁልፍ በኪሴ ይዣለሁ። አልተቆጡም። ልጅ ወልዶ የማያውቅ ሰው እንደሚታይ አዩኝና ማርመላታውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ።

«ሕመሙን አልፈራውም» አሉኝ፤ «ለምጄዋለሁ። የምፈራው ጉልበቱ እኔን ሳያማክር መወሰኑን ነው። አንድ ዙር ላይ፣ በቃኝ ይልና ይቆማል። ያኔ እኔ ምን እሆናለሁ?»

ዳገቱን ጀመሩት። ቲንሃካን እንደወጡ መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይነሳል፤ ቀለል ያለ ማርሽ ላለው ሰው ረጅም ነው እንጂ ክፉ አይደለም። እኔ በቀላሉ ስዞር እሳቸው እያንዳንዱን ዙር ከመሬት እንደሚነቅሉት ነበር የሚገፉት፤ መሪውን በሁለት እጃቸው እየጎተቱ፣ ትከሻቸው ከግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ። ባለ ቀለም ማሊያ የለበሱ ጎረምሶች ከኋላ መጡ። አንደኛው ካቴናውን አይቶ ጮክ አለ፤ «አባባ፣ ማርሽ መቀየር እኮ ነፃ ነው።» ዶን ካምፖ ሳይዞሩ «እኔን ያስከፍለኛል» አሉት። ጎረምሶቹ ሳቁ፤ አንዱ ጀርባቸውን ሊገፋላቸው እጁን ዘረጋ፤ በክርናቸው መለሱት። የሰው እጅም ስለቱ ውስጥ የለም።

ከዚያ መንገዱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እየተጠማዘዙ መውጣት ጀመሩ፤ ዳገቱን ለማለዘብ። ድንች የጫኑ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ያልፏቸዋል። ፉጨቱ ከቆመ ቆይቷል። ጉልበታቸው በየዙሩ ደረቅ ቀንበጥ እንደሚሰበር ቀጭ ይል ነበር፤ ከኋላ ሆኜ እሰማው ነበር፤ አንድ የሰው አካል እንዲህ ያለ ድምፅ እያወጣ መሥራቱን መቀጠሉ ገረመኝ፣ ከዚያ አስፈራኝ። ከአንድ ጠመዝማዛ በኋላ ግራው እግር ሥራውን ተወ። ፔዳሉ ላይ አለ፣ ግን አይገፋም፤ ቀኙ ብቻውን ሁለቱን ሊሸከም ይታገላል። ብስክሌቱ ሊቆም ሲል ዶን ካምፖ ወደ ዳር ዘመም አሉና በገደሉ አፋፍ የተተከለውን የብረት አጥር ያዙ።

እዚያው ቀሩ። ይህን እስከ ዛሬ ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም። ብስክሌቱ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሁለት እግራቸው ፔዳሉ ላይ እንደሆነ፣ በቀኝ እጃቸው ብረቱን ጨምድደው፣ ወደ ፊት መሄድ አይችሉም፤ መውረድ አይፈልጉም። ላብ ከአገጫቸው ወደ ብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ይንጠባጠባል። እናርፍ፣ ጉልበቱ ቀዝቀዝ ሲል እንቀጥላለን አልኳቸው። እሺ አሉ። ጉልበቱ አልቀዘቀዘም። እንደገና ለመነሳት ሞከሩ፣ ፔዳሉ ግማሽ ዙር ሄደና ድምፅ አውጥተው ብረቱን መልሰው ያዙት። እንደገና ሞከሩ። ፀሐዩ ከአናታችን ላይ ነበር።

ተሳላሚዎች እየቆሙ ያዩአቸው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው አይስቁም፤ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። አንዲት በእግሯ የመጣች አሮጊት ነጠላዋን አውልቃ ከፔዳሉ ሥር አስፋልቱ ላይ አነጠፈችላቸው። «ይርገጡበት የኔ ጌታ። ጨርቅ ነው እንጂ መሬት አይደለም፤ እሷም ታውቀዋለች» አለች። ዶን ካምፖ ጨርቁን ለረጅም ጊዜ አዩት። ያን ያህል ሲፈልጉት አይቼ ይረግጡታል ብዬ ነበር። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከእሷ ጋር ጠበቃ ይዤ አልከራከርም፣ እማማ» አሏት። አሮጊቷ ጨርቋን አራግፋ መልሳ ለበሰችና የመስቀል ምልክት ሠርታባቸው ሄደች።

የመንደራችን አውቶቡስ የመጣው ያኔ ነው። ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን ይዘው እየዘመሩ ነበር፤ መዝሙሩ መሃሉ ላይ ተቆረጠ። አውቶቡሱ ሳይቆም ዶሬሊ በሩ ላይ ነበረች። ሮጣ መጣችና ከብስክሌቱ ፊት ለፊት ቆመች። ፊቷ ነጥቷል፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ የመጣችበት ሩጫ መሰለኝ።

ይውረዱ አለቻቸው። አልወርድም አሏት። ስለቱ ለእኔ አይደል እንዴ፣ እንግዲያስ እኔ ምሬዎታለሁ አለች። ለእርስዎ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፣ የሚምረው ባለቤቱ ነው አሉ። ሁለቱም ድምፃቸውን አላነሱም፤ ሴቶቹ በአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዳምጣሉ። ዶሬሊ አለቀሰች። እኔ እንዲህ ሲንጠለጠሉ ማየት የለብኝም፣ እኔ ሰው ነኝ፣ በገዛ እግሬ ነው የምቆመው አለች።

«ቆመዋልና» አሏት። «እኔም ለዚያው ነው እዚህ ያለሁት።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ…» አለች።

ቃሉ እዚያው ቀረ። ከንፈሯ ሁለት ሦስት ጊዜ የሆነ ነገር እንደሚቀምስ ተንቀሳቀሰ። ዓይኗ ከአባቷ ፊት ተነስቶ ከእሳቸው ጀርባ ወዳለው ባዶ ሰማይ ሄደ። ምን እንደምታይ ለማየት እኔም ዞርኩ፤ ምንም አልነበረም፤ ዓይኔን ወደ ዶን ካምፖ እግር መለስኩ። ከዚያ ከነቁመቷ ወደቀች።

እግራቸውን እያየሁ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የእኔ ሥራ ያን እግር ማየት ነበርና ዓይኔ እዚያው ነበር። እሷ አስፋልቱን ስትመታ ሁለቱም እግሮቻቸው ፔዳሉ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ብስክሌቱ በአጥሩ ላይ የተጋጨው። ያን ጊዜ ወደ እሷ ዞሬ ስለነበር ዶን ካምፖ እንዴት እንደወረዱ አላየሁም፤ ልጃቸው አጠገብ አስፋልቱ ላይ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበርክከው ነበር። ወደ ጎኗ አዞሯት፣ ካባቸውን ከራሷ ሥር አደረጉ፣ የአንገቷን ቁልፍ ፈቱላት። «እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ የኔ እናት» ይሏት ነበር፤ እሷ የማትሰማቸው መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

መንቀጥቀጡ ሲቆም ዶሬሊ ከባድ ትንፋሽ ተነፈሰች። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ጉልበት መሬት ላይ ነው። «በዚህ ዳገት ላይ መሬት ነክተው አይቼዎት አላውቅም» አለች፤ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተንከባለለ፤ «የሞትኩ መሰለኝ።» ሴቶቹ ተሸክመው ወደ አውቶቡሱ አስገቧት። ዶን ካምፖ ተከትለው ገቡ፤ ብስክሌቱን ዞር ብለውም አላዩት።

እኔ በአንድ እጄ የራሴን፣ በአንድ እጄ የእሳቸውን ብስክሌት እየገፋሁ ወጣሁ። መጨረሻው ከሚቀጥለው ጠመዝማዛ በኋላ ይሆናል እያልኩ ነበር፤ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አልነበረም። ከያዙት ብረት እስከ አናቱ ድረስ ያለው መንገድ ከወጡት ይበልጥ ነበር። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ማርሽ፣ ያን ሁሉ ሊወጡት ነበር እንዴ ብዬ መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ። የብስክሌቱን ኮርቻ ነካሁት። ከወገቤ ብዙ ዝቅ ያለ ነበር፤ የልጅ ብስክሌት ይመስል ነበር።

ቺኪንኪራ ጤና ጣቢያ ስደርስ ቀኑ ገፍቷል። የአደባባዩ ጥሩምባና ርችት እዚያ ድረስ ይሰማል። ዶሬሊ ተኝታለች፣ ደህና ናት፣ እስኪመሽ ትተኛለች አሉኝ ሴቶቹ፤ ሁለቱ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዶን ካምፖ ውጭ አግዳሚ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው የቀረበላቸው የድንች ሾርባ ቀዝቅዞ ቅባቱ ረግቷል። ብስክሌቶቹን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

«እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር» አሉኝ። «አይተዋል?»

«አይቻለሁ፣ ዶን ካምፖ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ፊታቸው ሲወድቅ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እውነቱን በመናገሬ ያጽናናኋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የፈለጉት ሌላ መልስ ነው። እግራቸው ቀድሞ መሬት ነክቶ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእሳቸው ይሆን ነበር፤ የእሳቸው ጥፋት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ይታረማል፤ ኮርቻው አንድ ጣት ዝቅ ይላል። አሁን የሚታረም ነገር አልነበረም። ስለቱን ጠብቀው ሳለ፣ ፊት ለፊታቸው፣ ወደቀች።

ከዚያ ነርሷ የነገረቻቸውን ነገሩኝ። ዶሬሊ ስትነቃ ነርሷ ስለ እንቅልፏ ጠይቃታለች፤ እንቅልፍ ማጣት ያን በሽታ ይቀሰቅሳል። ዶሬሊም በዚህ ሰሞን ሌሊቱን አልተኛሁም አለቻት። ለምን ስትላት በግድግዳው በኩል የአባቴን ጉልበት ስሰማ ነው የማድረው፣ ሲገላበጡ ያቃስታሉ አለች። ዶን ካምፖ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ብርድ ልብስ ነክሼ ነበር እኮ የማድረው» አሉ። «እንዳትሰማኝ። ሳልነክስ የቀረሁበት ሌሊት የለም።»

የተማርኩት ትምህርት ሁሉ፣ የማውቀው ቃል ሁሉ ለዚያ አግዳሚ የሚሆን አልነበረም። ስለ ክኒኑ ልናገር አሰብኩ፤ አዲሱ ክኒን በዚያው ዓመት መጀመሩን፣ ዓመታቱን ያቆማት እሱ ሊሆን እንደሚችል። ግን ያን ብናገር ከያዙት የመጨረሻ ነገር እጃቸውን ማስለቀቅ ነው። ደግሞ ያውቁታል፤ ያን ሰዓት የሚያውቁት መሰለኝ።

ተነሱ። አግዳሚውን ተደግፈው ጉልበታቸውን ቀስ ብለው ዘረጉት፤ እስኪቀና ጠበቁት። ወደ ባዚሊካው፣ ወደ እመቤታችን ደጅ ልሄድ ነው አሉኝ። በብስክሌቱ ላይ ጭኜ ላድርስዎ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ሊሏት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አልነበረኝም።

«አላውቅም» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ነኝ ዋጋውን የቆረጥኩት። ይበቃሻል ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ምን እንደምትፈልግም አልጠየቅኳትም። ምናልባት የእኔን ጉልበት ፈልጋው አታውቅም ይሆናል። ምናልባትም አትሰማም።»

ይህን ካሉ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው መውጣቱ ያስደነገጣቸው ይመስል ወደ ጤና ጣቢያው በር አዩ። ዶሬሊ ከነቃች በእግራቸው ሄደዋል በላት አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብለውኝ፣ ሳያውቁት። ሾርባውን እኔ እንድጠጣው አዘዙኝ፤ ምግብ አይጣልም።

መንገዱን ተሻገሩ። በእያንዳንዱ እርምጃ ግራ ትከሻቸው ዝቅ ይላል፤ የሚደገፉበት ሲያገኙ ግድግዳ፣ ሲያጡ የቆመ መኪና ይይዛሉ። ሻማ ሻጮቹ መሃል ሲደርሱ አንዷ ሻማ ዘረጋችላቸው፤ ኪሳቸውን ዳብሰው ባዶ እጃቸውን አሳዩአት፤ እሷም ሻማውን በነፃ ልትሰጣቸው ሞከረች መሰለኝ፤ አልተቀበሏትም። የሱፍ ካባቸው ዶሬሊ ራስ ሥር ስለቀረ በሸሚዝ ብቻ ነበሩ። ወደ አደባባዩ በሚወስደው መንገድ ታጥፈው፣ ከእመቤታችን ደጅ እየዘመረ ከሚመለሰው ሕዝብ ተቃራኒ አቅጣጫ፣ ቀስ እያሉ ሄዱ።